የሱቃችን መረጃ ወደ ክላውድ ሲወጣ አካውንቱ የማን ነው?

ጅማ ውስጥ የአንድ ነጋዴ የዓመታት ሥራ ብዙ ጊዜ የሚኖረው አንድ ላፕቶፕ ውስጥ ነው። ዱቤ የወሰዱ ደንበኞች ዝርዝር፣ የአቅራቢዎች ሂሳብ፣ የደመወዝ ሰነድ፣ የግብር ወረቀት፣ የዕቃ ቆጠራ፣ ሁሉም እዚያው ነው። ሂርማታ ገበያ ዙሪያ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ያለው፣ አጂፕ አካባቢ መድኃኒት ቤት የከፈተችው፣ ቡና ከገበሬ ሰብስቦ የሚያቀርበው፣ የግል ክሊኒኩ፣ ፎቶ ቤቱ፣ በዚህ ነገር ይመሳሰላሉ። ጠንቀቅ ያለው አንድ ፍላሽ ላይ ይገለብጣል። ፍላሹ ግን የሚቀመጠው ላፕቶፑ ያለበት መሳቢያ ውስጥ ነው። ሌባ ቢገባ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ።

በዚህ ላይ የከተማችን መብራት አለ። ሄዶ ሲመጣ ስንት ሃርድ ዲስክ እንዳበላሸ የኮምፒውተር ጠጋኞች ይንገሯችሁ። ከፎቶ ኮፒ ቤት በተመለሰ ፍላሽ የሚገባው ቫይረስም አለ። ስለዚህ "መረጃችሁን ክላውድ ላይ አስቀምጡ" የሚለው ምክር ትክክል ነው። ክላውድ ማለት በኢንተርኔት የሚደረስበት፣ ሌላ ቦታ ያለ የአንድ ኩባንያ ማስቀመጫ ነው። እኔም ይህን ምክር እደግፋለሁ። አንድ ቅጂ ከጅማ ውጭ ሲቀመጥ እዚህ የሚደርስ ስርቆት፣ እሳትና ጎርፍ አይነካውም።

ነገር ግን ስለ ክላውድ ሲወራ ሰው የሚፈራው ነገርና በእውነት የሚጎዳው ነገር ይለያያሉ። "ፈረንጆቹ መረጃዬን ያዩብኛል ወይ?" የሚል ጥያቄ ቶሎ ይመጣል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ትልልቆቹ ኩባንያዎች መረጃው ሲጓዝም ሲቀመጥም ይቆልፉታል። የቴክኒክ ጥበቃቸው የትኛውም ትንሽ ድርጅት ብቻውን ሊሠራው ከሚችለው በላይ ነው። ጉዳቱ በብዛት የሚመጣው ከዚህ ከራሳችን ቤት ነው፤ አካውንቱን ማን ከፈተው፣ በማን ስልክ ተመዘገበ፣ ፓስወርዱን ስንት ሰው ያውቃል ከሚለው።

የተለመደውን አካሄድ እናስብ። ባለቤቱ ሥራ ይበዛበታል። ኢሜይል መክፈት ሲያስፈልግ ሂሳብ ሠራተኛዋን "አንቺ ክፈቺልኝ" ይላታል። እሷም በቅን ልቦና በራሷ ስልክ ቁጥር ትከፍታለች። ፓስወርዱ የድርጅቱ ስምና 123 ይሆናል። ከሁለት ዓመት በኋላ አግብታ አዲስ አበባ ትሄዳለች፣ ወይም የተሻለ ደመወዝ አግኝታ ትለቃለች። በሰላም ብትለቅም እንኳ ችግሩ ይቀራል። ጎግል አንድ ቀን አዲስ ኮምፒውተር አይቶ ይጠራጠርና የማረጋገጫ ኮድ ይልካል። ኮዱ የሚደርሰው እሷ ጋ ነው። ሲሟን ቀይራ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ለረጅም ጊዜ ያልተሠራበት ቁጥር ተዘግቶ ለሌላ ደንበኛ ሊሰጥ ይችላል። ያኔ የእናንተ የማረጋገጫ ኮድ ጭራሽ የማያውቃችሁ ሰው ስልክ ላይ ይደርሳል።

መረጃው ያለበት የኩባንያው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ምንም አልሆነም። ማንም ሰርጎ አልገባም። መረጃው ሙሉ በሙሉ ደህና ነው። ባለቤቱ ብቻ መግባት አይችልም። ነጻ አካውንት ላይ ደግሞ ስልክ ደውላችሁ "እኔ ነኝ ባለቤቱ" የምትሉት ሰው የለም።

ስለዚህ አንድም ፋይል ከመጫኑ በፊት መስተካከል ያለበት ይህ ነው። አካውንቱ የድርጅቱ ይሁን፣ የሚከፈተውም ባለቤቱ ባለበት። የመመለሻ ስልኩ በባለቤቱ መታወቂያ የወጣ ሲም ይሁን። ሁለተኛ የመመለሻ ኢሜይል ይኑር፤ የትዳር አጋር ወይም የሥራ ሸሪክ ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚያ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫው፣ ማለትም ከፓስወርዱ ሌላ ኮድ የሚጠይቀው፣ ይከፈት። በኤስኤምኤስ የሚመጣው ኮድ ከምንም ይሻላል፤ ስልኩ ላይ የሚጫን የኮድ መተግበሪያ ግን ከዚያ የተሻለ ነው። ሲም ባይኖርም፣ ኔትወርክ ባይኖርም ይሠራልና። ጎግል ለአደጋ ጊዜ የሚሆኑ ባለ 8 አሃዝ 10 ኮዶችን ይሰጣል። እነሱን አትሙና ቤት፣ የቤት ካርታና ውል የምታስቀምጡበት ቦታ አኑሯቸው። ሱቅ ውስጥ አይሁን። ስልካችሁ ቢጠፋ መልሰው የሚያስገቧችሁ እነዚህ ኮዶች ናቸው።

ሠራተኛውስ? ሠራተኛ ሥራውን እንዲሠራ ፓስወርድ መስጠት አያስፈልግም። እያንዳንዱ በራሱ አካውንት ይግባ፤ እናንተ የሚያስፈልገውን ፎልደር ብቻ አጋሩት። ካሸሩ የዕለት ሽያጩን ይሙላ፤ የደመወዝ ዝርዝሩን ማየት የለበትም። ሲለቅ በዚያው ቀን ፈቃዱን ማንሳት ነው። ይህን ማድረግ ሠራተኛን መጠርጠር አይደለም። እንዲያውም እሱንም ይጠብቀዋል። ነገ አንድ ፋይል ቢጠፋ ስሙ አይነሳም።

በዚሁ ላይ አንድ ሌላ ነገር አለ። ጎግል ለሁለት ዓመት ያልተገባባቸውን የግል አካውንቶች መሰረዝ ጀምሯል። "የድሮውን ሂሳብ እዚያ አስቀምጬዋለሁ" ብላችሁ የረሳችሁት አካውንት ካለ፣ ዛሬውኑ ግቡበት።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና ትንሽ ልቆይበት። የውጭ አገር ክላውድ የሚከፈለው በዶላር ነው። ለትንሽ ነጋዴ ደግሞ የዶላር ካርድ ማግኘት ቀላል አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላሩ ከ57 ብር ተነስቶ ከ100 ብር አልፏል፤ ያው አገልግሎት በብር ሲመታ ብዙ ጨምሯል። ይህን ክፍተት አይተው በቴሌግራም "የዕድሜ ልክ፣ ገደብ የሌለው ድራይቭ" በጥቂት መቶ ብር የሚሸጡ አሉ። እባካችሁ እነዚህን አትግዙ። እንዲህ ያለው አካውንት ብዙ ጊዜ የተከፈተው በሆነ ትምህርት ቤት ወይም ድርጅት ስም ሥር ነው። የዚያ ተቋም አካውንቶች አስተዳዳሪ ፓስወርዳችሁን መቀየር ይችላል። ፋይላችሁን ማየት ይችላል። መሰረዝም ይችላል። ጎግል ራሱ ለትምህርት ተቋማት ይሰጥ የነበረውን ገደብ የለሽ ቦታ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ አስቀርቷል። ከዚያ በኋላ ተቋማት ትርፍ አካውንቶችን ማጽዳት ጀመሩ። ያኔ የእናንተ ሂሳብ አብሮ ይጸዳል፤ ለማንም አቤት ማለት አይቻልም። የዩኒቨርሲቲ ኢሜይላችሁን ለንግድ የምትጠቀሙ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ምሩቃንም ካላችሁ አስቡበት። ያ አካውንት የተቋሙ ነው።

ለመሆኑ ስንት ቦታ ያስፈልጋል? ሰው ከሚያስበው በጣም ያነሰ ነው። የአንድ መደብር የአምስት ዓመት የኤክሴል ሂሳብ ጥቂት ሜጋባይት ነው። በስልክ የተነሱ የደረሰኝ ፎቶዎችም መጠናቸው ከተቀነሰ ብዙ አይዙም። ጎግል በነጻ 15 ጊጋባይት ይሰጣል፣ ማይክሮሶፍት ደግሞ 5። ለአብዛኛው ሱቅና መድኃኒት ቤት ነጻው ይበቃዋል። ከዚህ የሚበልጠው እንደ ፎቶ ቤት ያለ፣ ቪዲዮና ትልልቅ ምስል የሚይዝ ሥራ ነው። እሱም ቢሆን የሠርግ ቪዲዮውን ሁሉ ክላውድ ላይ መጫን የለበትም፤ የደንበኛ ዝርዝሩና ውሉ ይውጣ፣ ቪዲዮው ሁለት ኤክስተርናል ዲስክ ላይ ይቀመጥ። መክፈል ለሚችልና በብር መክፈል ለሚፈልግ ደግሞ ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌክላውድ የሚል አገልግሎት አለው። አዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥ የግል ዳታ ሴንተሮችም፣ ማለትም ሰርቨሮች የሚቀመጡባቸው ማዕከላት፣ ሥራ ጀምረዋል። መረጃው አገር ውስጥ መቀመጡ ከሕግ አንጻርም ጥቅም አለው። እመለስበታለሁ።

ስለ ቴሌግራም ሳልናገር ባልፍ ግን ጽሑፉ የጅማ አይሆንም። የብዙ ነጋዴ ክላውድ ቴሌግራም ነው። የዕለት ሽያጩ በፎቶ ወደ ባለቤቱ ይላካል። ሰነዱ "ሴቭድ ሜሴጅ" ውስጥ ይከማቻል። ለመላላክ ጥሩ ነው። ለማኅደር ግን አይሆንም። ተራው የቴሌግራም ውይይት ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ማለትም ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም እንዳያነበው፣ የተቆለፈ አይደለም፤ እንዲያ የሚቆለፈው "ሚስጥራዊ ቻት" ብቻ ነው። ደግሞም መግቢያው ስልክ ቁጥሩ ነው። ተጨማሪ ፓስወርድ ካላበጃችሁ፣ የማረጋገጫ ኮዱን በማታለል የወሰደ ሰው ሙሉ አካውንታችሁን ይወስዳል። "ሽልማት ደርሶዎታል፣ የመጣልዎትን ቁጥር ይንገሩን" የሚለው ጥሪ የሚፈልገው ይህንኑ ቁጥር ሊሆን ይችላል። ቢያንስ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ሁለተኛውን ፓስወርድ ክፈቱ።

አካውንቱ ከተስተካከለ በኋላ የሚመጣው የመጫኑ ሥራ ነው። እዚህ ላይ አንድ ልዩነት በደንብ መያዝ አለበት። ሲንክና ባክአፕ አንድ አይደሉም። ሲንክ እንደ መስታወት ነው። ላፕቶፑ ላይ የሆነው ሁሉ ክላውዱም ላይ ይሆናል። ፋይል ስትጨምሩ ይጨምራል፣ ስትሰርዙም ይሰርዛል። ፋይሎችን ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ላፕቶፑ ላይ ከገባ፣ የተቆለፈው ፋይል ክላውድ ላይ ያለውን ጤነኛ ፋይል ይተካዋል። ጎግል ድራይቭ የተሰረዘ ፋይልን ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ 30 ቀን ያቆያል። ስህተቱ በ31ኛው ቀን ከታወቀ ግን ረፍዷል። ባክአፕ ግን በቀኑ የተቀመጠ፣ በኋላ የማይነካ ቅጂ ነው። የሚያስፈልገን ሁለቱም ነው።

ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ ፕሮግራም የምትጠቀሙ በተለይ ይህን ልብ በሉ። የፒችትሪን የመረጃ ፎልደር እንዳለ ጎግል ድራይቭ ወይም የማይክሮሶፍቱ ዋንድራይቭ ውስጥ የሚከቱ አሉ። ይህ አደገኛ ነው። ፕሮግራሙ ክፍት ሆኖ ሲሠራ ፋይሎቹ ያለማቋረጥ ይለዋወጣሉ። ሲንኩ ግማሹን አሮጌ፣ ግማሹን አዲስ አድርጎ ሊወስድ ይችላል። የሂሳቡ ፋይሎች እርስ በርስ ካልተናበቡ ደግሞ አይከፈትም። ትክክለኛው መንገድ ፒችትሪ ራሱ ባለው የባክአፕ ትዕዛዝ አንድ ፋይል ማውጣት፣ በቀኑ መሰየም፣ ያንን ፋይል ብቻ መጫን ነው። በየሳምንቱ አንድ፣ በወር መጨረሻ አንድ። የመድኃኒት ቤትና የክሊኒክ ሶፍትዌሮችም ላይ ሕጉ ያው ነው። ሻጩን "ባክአፑ የት ነው የሚወጣው?" ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ከሌለው ሶፍትዌሩን አትግዙ።

ሌላው ፍጥነቱ ነው። ኔት ፈጣን ነው ሲባል ብዙ ጊዜ የሚነገረው የማውረጃው ነው፤ የመጫኛው ከዚያ ያነሰ ይሆናል። በሰከንድ 2 ሜጋቢት የሚጭን መስመር ካላችሁ፣ 40 ጊጋባይት ለመጫን 44 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ይህም መብራት ካልተቆረጠ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መለየት ይሻላል። ሥራው ያለ እሱ የማይቆመው፣ ማለትም ዱቤ፣ ሂሳብ፣ ደመወዝ፣ ግብርና ውል፣ ይቅደም። ይህ በአንድ ምሽት ያልቃል። የቀረው ቀስ እያለ በሌሊት ይጫን። ቡና ላይ ያላችሁ ደግሞ ይህን ሥራ ጥቅምት ሳይገባ ጨርሱት። ለቀማው ከጀመረ ማንም ስለ ፋይል የሚያስብበት ጊዜ የለውም።

አሁን ወደ ሕጉ ልመለስ። በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የሰውን መረጃ የያዘ ድርጅት መረጃውን የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ወደ ውጭ አገር ስለሚተላለፍ መረጃም አዋጁ ቅድመ ሁኔታዎች ያስቀምጣል። የጤና መረጃ ደግሞ የበለጠ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው አንዱ ነው። "እኔ ትንሽ ክሊኒክ ነኝ" ማለት ታካሚዋን አያጽናናትም። የምርመራ ውጤቷ ከወጣ፣ ጅማ ሁሉም ሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት።

የቡና ነጋዴዎቻችን ጉዳይ ከዚህም ሰፋ ይላል። የአውሮፓ ኅብረት ደን በተጨፈጨፈበት መሬት ላይ የበቀለ ቡና እንዳይገባ ሕግ አውጥቷል። ተግባራዊ የሚሆንበት ጊዜ በተደጋጋሚ ቢራዘምም ዝግጅቱ ግን ተጀምሯል። ሕጉ ቡናው የበቀለበትን መሬት መገኛ ነጥብ ይጠይቃል፤ ከ4 ሄክታር በላይ ከሆነ ዙሪያው ጭምር ይለካል። ገዢዎቹ ማስረጃውን ለ5 ዓመት መያዝ አለባቸው። ስለዚህ ከጅማ ዙሪያ የሚሰበስበው አቅራቢ የገበሬዎች ስም፣ ስልክና የእርሻቸው መገኛ በስልኩና በላፕቶፑ መያዝ ጀምሯል። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ መረጃ በነጋዴ እጅ አልነበረም። የገበሬው መሬት የት እንዳለ፣ ምን ያህል እንደሆነ የሚያሳይ ዝርዝር ነው። ገበሬው አምኖ ሰጥቶታል። ዝርዝሩ ቢጠፋ ሽያጩ ይስተጓጎላል፤ በማይሆን እጅ ቢገባ ደግሞ ጉዳቱ ገበሬው ላይ ነው። ይህን መረጃ ሳይቆልፉ በቴሌግራም ግሩፕ መለጠፍ ትልቅ በደል ነው እላለሁ።

መቆለፉ ከባድ አይደለም። ሰቨን ዚፕ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ፎልደሩን በፓስወርድ፣ ኤኢኤስ 256 በሚባለው ጠንካራ አቆላለፍ ይዘጋዋል። የተዘጋውን ፋይል ስትጭኑ ክላውዱ ውስጥ የገባ ሰው እንኳ ሊያነበው አይችልም። በየቀኑ ለሚከፈት ፎልደር ክሪፕቶሜተር የሚባለው የመቆለፊያ ፕሮግራም ይሻላል። አንድ ነገር ግን አጥብቃችሁ ያዙ፤ ይህ ፓስወርድ ከጠፋ መመለሻ የለውም። ወረቀት ላይ ጻፉትና ከእነዚያ 10 ኮዶች ጋር አስቀምጡት። ጅማ ውስጥ አብዛኛው ላፕቶፕ ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ እንደሚሠራም አውቃለሁ። ክራክ ማድረጊያው ራሱ ፓስወርድ የሚሰርቅ ቫይረስ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ባይሆን የሂሳቡ ላፕቶፕ ብቻ እንኳ ንጹህ ይሁን፤ ልጆች ጌም አይጫወቱበት፣ የመጣ ፍላሽ ሁሉ አይሰካበት።

እዚህ ደርሰን ክላውድ ላይ ያለው ቅጂ አንድ ብቻ ከሆነ አሁንም አልዳንንም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2021 ፈረንሳይ ስትራስቡርግ የሚገኘው፣ ኦቪኤች የተባለው የክላውድ ኩባንያ ዳታ ሴንተር ተቃጥሎ፣ ሌላ ቅጂ ያልነበራቸው ደንበኞች መረጃቸው እዚያው አመድ ሆኗል። እ.ኤ.አ. መስከረም 2025 ደግሞ ደቡብ ኮሪያ ዴጆን ውስጥ የመንግሥት ዳታ ሴንተር ተቃጥሎ፣ የመንግሥት ሠራተኞች ሰነድ የሚያስቀምጡበት 858 ቴራባይት መረጃ ሌላ ቦታ ቅጂ ስላልነበረው ጠፍቷል። እነዚህ በቴክኖሎጂ የታወቁ አገሮች ናቸው። ባለሙያዎቹ የሚሉት ሦስት ቅጂ ይኑር፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ ነው። ለእኛ ሲተረጎም፣ ሥራው ያለበት ላፕቶፕ፣ በሳምንት አንዴ ብቻ ተሰክቶ የሚነቀል ኤክስተርናል ዲስክና ክላውዱ ናቸው። ዲስኩ የሚነቀለው በምክንያት ነው። ያልተሰካ ዲስክን ቫይረስ አያገኘውም፤ መብራት ሲመለስም አይቃጠልም።

ያ ዲስክ ሌላም ጥቅም አለው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ከአርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተቋርጦ ነበር። መረጃው ክላውድ ላይ ብቻ የነበረ ሰው ያን ጊዜ የራሱን የዱቤ ዝርዝር ማየት አይችልም ነበር። ንግድ ግን አልቆመም፤ ደንበኛም ይመጣ ነበር። ስለዚህ ጅማ ላይ ሆኖ ላፕቶፑን አጽድቶ ሁሉንም ነገር "ኦንላይን" ማድረግ አልመክርም። ዱቤውንና የዕቃ ዝርዝሩን ያለ ኢንተርኔት የሚከፍት ቅጂ ሱቅ ውስጥ መኖር አለበት።

የመጨረሻው ሥራ ሁሉም የሚዘለው ነው፤ መልሶ ማውጣት። ጊትላብ የተባለው ትልቅ የሶፍትዌር ድርጅት እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 አንድ ሠራተኛው በስህተት ዋናውን የመረጃ ቋት ሲሰርዝ፣ አለን ያሏቸው በርካታ የባክአፕ መንገዶች ተፈትሸው እንደሚገባ የሚሠሩ አልነበሩም። በአጋጣሚ ቀደም ብሎ በተወሰደ ቅጂ ነው የተረፈው፤ እንዲያም ሆኖ የስድስት ሰዓት ያህል መረጃ አጥቷል። እናንተም በሦስት ወር አንዴ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት መድቡ። ሌላ ላፕቶፕ ተዋሱ። የሱቁን ላፕቶፕ አትንኩ። ከክላውዱ ላይ የመጨረሻውን የፒችትሪ ባክአፕ አውርዱ፣ ቁልፉን ፍቱ፣ መልሳችሁ ክፈቱ። ከዚያ አንድ ደንበኛ ምረጡና ያለበትን ዕዳ ከደረሰኙ ጋር አስተያዩ። ይህን የምታደርጉት ኮምፒውተሩን ከሚያውቀው ልጅ ጋር ብቻ አይሁን። ባለቤቱ ራሱ፣ ወይም ሱቁን ተክታ የምትይዘው ሚስቱ፣ እጃቸውን አስገብተው ይሞክሩት። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ኮምፒውተር የሚማሩ ልጆች አሉ፤ ለአንድ ከሰዓት ከፍላችሁ እንዲያግዟችሁ ማድረግ ይቻላል። ፓስወርዱን ግን ራሳችሁ ጻፉት፤ ሲጨርሱም ከእነሱ መሣሪያ ላይ አካውንቱ መውጣቱን አይታችሁ ሸኟቸው።